የሙሽራ ልብስ በከሰል ጋሪ

ባቡሩ ፍሬን ይዞ ድንገት ሲቆም በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ። ተኳሿ ብቻ ወደ ኋላ ወደቀች። ሆን ብላ ነው የወደቀችው። በሁለት ክንዷ የታቀፈችው ረጅም ጥቅልል ከፊቷ ካለው አግዳሚ ጋር እንዳይላተም፣ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛው ከኋላዋ በተቀመጡ አንዲት ወፍራም ወይዘሮ ጭን ላይ ዘፍ አለች።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው ላይ ነው እኮ የተቀመጥሽው!» አሉ ወይዘሮዋ።

«ይቅር ይበሉኝ እናቴ። ይህን ያዙልኝና አሁኑኑ እነሣለሁ» አለችና ወዲያው ሐሳቧን ለወጠች። «ኧረ የለም፣ ተዉት፤ እንዳይነኩት። እንዲሁ እነሣለሁ።»

ወይዘሮዋ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ጥቅልሉ ምን እንደያዘ ፉርጎው ሁሉ ያውቅ ነበር። ማለዳ ሲሳፈሩ፣ በነጭ አቡጄዲ የተጠቀለለ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ነገር በሁለት ሴቶች ተይዞ ሲገባ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ቦታ ለቀቀ። አንድ አዛውንት እንዲያውም ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር። ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ተኳሿ «የለም አባቴ፣ የሠርግ ልብስ ነው» ስትላቸው ከድንጋጤ የተነሣ ባርኔጣውን የፊቱን ወደ ኋላ አዙረው አጠለቁት። ፉርጎው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ተሳፋሪው ሁሉ የልብሱ ዘብ ሆነ። ትምባሆ ሊለኩስ የቃጣው ወደ በሩ ተባረረ፤ የኩራዝ ዘይት የያዘው ሰውዬ ጠርሙሱን አቅፎ እንደ ጥፋተኛ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ የባቡሩ ሹም ቆቡን በብብቱ ይዞ ብቅ አለ። የሚናገረው ነገር እንደማይወደድለት ከአረማመዱ ያስታውቅ ነበር።

«ወገኖቼ፣ የሰሞኑ ጎርፍ የድልድዩን እግር ሸርሽሮታል። ባቡሩ ከዚህ ጣቢያ አያልፍም። ውሃ ቀድተን ወደ መጣንበት እንመለሳለን። መውረድ የፈለገ ይውረድ።»

ከተኳሿ ጎን ያለችው ሙሽሪት አክስቷን አየቻት። ከንፈሯ ነጣ።

አክስቷ ልብስ ተኳሽ ነበረች። ስሟን ያወጡላት ሰዎች ሞተው አልቀዋል፤ በሕይወት ያሉት ሁሉ ተኳሿ ነው የሚሏት። የዳኛ ሸሚዝ፣ የመኮንን ኮት፣ የባንክ ሹም ሱሪ፣ የስንትና ስንት ሙሽራ ቀሚስ በካውያዋ ሥር አልፏል። እሷ ራሷ የሙሽራ ቀሚስ ለብሳ አታውቅም። ታናሽ እህቷ አራስ ቤት ሳለች ስትሞት የተወችውን ጨቅላ አንሥታ በእንፋሎትና በከሰል ሽታ መሀል አሳደገች። ባል ላግባ ብትል የሚቀበላት አልጠፋም ነበር። ጊዜው ግን በሰው ልብስ ላይ አለቀ።

ያች ጨቅላ ናት ዛሬ ሙሽሪት። ጥቅልሉ ውስጥ ያለው ነጭ ሐር የእናቷ የሠርግ ቀሚስ ነበር። ተኳሿ ስፌቱን ክር በክር ፈትታ፣ የቢጫነት ጥላ የነካውን አጥባ፣ በልጅቱ ልክ እንደገና ሰፍታዋለች። አንድም ቦታ አላጠፈችውም። «ሐር ከታጠፈ ተሰበረ ማለት ነው፤ የተሰበረ ሐር ደግሞ ቂም እንደ ያዘ ሰው ነው፣ ብትለምኚው አይቃናም» ትል ነበር። ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታ፣ በቀላል ሸምበቆ ላይ አጠንጥና፣ ከላይ አቡጄዲ ደርባ አሰረችው።

እጮኛዋ በወንዙ ማዶ ባለው የጦር ሰፈር ያለ መቶ አለቃ ነው። አባቱ ሻለቃ፣ እናቱ የሻለቃ ልጅና የሻለቃ ሚስት። ለሽምግልና በተገናኙ ቀን የሻለቃው ባለቤት ጓንታቸውን ሳያወልቁ ተኳሿን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ስለ ልብስ እንዳትጨነቂ። እሱን እኛ እናዘጋጃለን። ልጅቷን ብቻ አምጪልን» አሏት። ክፉ ቃል የለውም። ተኳሿ ግን እንደ ሚስማር ዋጠችው። ቤቷ ስትገባ ሻሿን ሳትፈታ ልጅቱን ጠርታ፣ «ልጅቷን ከነልብሷ ነው የማመጣላቸው» አለች።

ሠርጉ ገና ጊዜ ነበረው። ትናንት ግን የቴሌግራፍ ፖስተኛው እያለከለከ መጣ። ድንበር ላይ ጦርነት ዳግም ተቀስቅሷል፤ ክፍለ ጦሩ ነገ በቀትር ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በፊት ከደረሳችሁ ሥርዓቱ ይፈጸማል። ካልደረሳችሁ የሚለውን ማንም አልጻፈውም፤ መጻፍም አላስፈለገውም። ከፊተኛው ዘመቻ ስንቱ እንደተመለሰ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

«እንውረድ» አለች ተኳሿ።

ጣቢያው አንድ ክፍል፣ አንድ የውሃ ጋንና አንድ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው፤ የወረደ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚውጥ። ወደ ድልድዩ የሚሄድ ነገር ቢፈልጉ ቢፈልጉ ከአንድ ጋሪ በቀር አላገኙም። ጋሪው ላይ እስከ አፉ ከሰል የሞሉ ጆንያዎች ተደርድረዋል። በቅሎዋም፣ መንኮራኩሩም፣ ባለቤቱም አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ከሽማግሌው ፊት ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ዓይናቸውና ሁለት ጥርሳቸው ብቻ ነው።

«አባቴ፣ ወደ ድልድዩ ነዎት?» አለች ተኳሿ።

«ለዘቦቹ ከሰል አደርሳለሁ። በረዶ በይኝ፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለኝ።»

«በረዶ?»

«የሰፈራችን ሰው ቀልድ ያውቃል» አሉ ሽማግሌው ኮስተር ብለው። ቀጥለው ጥቅልሉን፣ ከዚያ የሙሽሪትን ፊት አዩ። «ውስጡ የማስበው የሙሽራ ልብስ ከሆነ፣ ልጄ፣ የኔ ጋሪ ላይ አትጫኚው። ኋላ እርግማኑ ለኔ ይተርፋል።»

ሙሽሪት የአክስቷን ክንድ ያዘች። «አክስቴ፣ እውነታቸውን ነው። ልብሱን ለባቡሩ ሹም እንስጠውና ይመልስልን። እኛ እንሂድ። እነሱ ያዘጋጁትን እለብሳለሁ። ልብስ አይደል?»

ተኳሿ ጥቅልሉን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ልብስ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ግን ስሚኝ፤ ዛሬ ያለ ልብስሽ ከገባሽ ነገ ያለ አፍሽ ትኖሪያለሽ። 'ምን ይዛ መጣች?' ሲባል 'እኛ አልብሰናት' ይላሉ። ልጅ ስትወልጂ እንኳ ስም የሚያወጡልሽ እነሱ ናቸው። እኔ ደግሞ ይህን እያወቅሁ አልመልሰውም። በይ ጋሪው ላይ ውጪ።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ በረዶ፣ አራት ረጃጅም እንጨት አለዎት?»

የጋሪው ጥግና ጥግ ላይ ጆንያ የሚደግፉ ምሰሶዎች ቆመው ነበር። ተኳሿ የራሷንና የልጅቱን የራስ ሻሽ ፈትታ፣ ገመድ አድርጋ፣ ጥቅልሉን በአራቱ ምሰሶ መካከል እንደ ሕፃን አልጋ ሰቀለችው። ከሰሉ ከታች፣ ልብሱ ከላይ በአየር ላይ ቀረ። ቋጠሮውን እያጠበቀች ሳለ ሽማግሌው ከሥር ሆነው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺን መድፍ ክፍል ነበር መመደብ።»

«አሁንም አልረፈደም» አለች። ከባቡሩ ይዛው የወረደችውን የካውያዋን የእንጨት ሳጥን ጋሪው ላይ ወረወረችና ራሷ ተከትላ ወጣች።

መንገዱ አላዘነላቸውም። መንኮራኩሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከጆንያዎቹ ጥቁር ብናኝ እንደ ጭስ ይነሣል። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ሙሽሪት ከፊት፣ ከኋላ ሲመጣ ተኳሿ ከኋላ ቆመው በገላቸው ጋረዱት። ወገባቸው ተቆረጠ። ፊታቸው መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ላቡ ሲወርድበት ደግሞ ተዥጎረጎረ። ሙሽሪት የአክስቷን መልክ አይታ ሳቋ አመለጣት።

«ምነው?»

«አባባ በረዶን መስለሻል።»

«አንቺስ ማንን የመሰልሽ መሰለሽ? ልጃቸውን ነው» አለች ተኳሿ፤ ሽማግሌውም ሳይዞሩ «የታደለ ሰው እኔ ነኝ» አሉ።

ልብሱ ብቻ፣ ከላያቸው እየተወዛወዘ፣ እንደ ነጭ ደመና አብሯቸው ሄደ።

ድልድዩ አጠገብ ኬላ አለ። አንድ ጎረምሳ ዘብ ጠመንጃውን አግድም ይዞ አስቆማቸው። ሰሞኑን ሰላዮች ተይዘዋል ተብሎ ሰው ሁሉ በፍርሃት ዓይን ይታያል።

«ማን ናችሁ? አንቺ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ተኳሽ ነኝ» አለች። ደክሟት ስለነበር ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ዘቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «የማን ተኳሽ?»

«የማንም። ላመጣልኝ ሁሉ እተኩሳለሁ።»

የጠመንጃው መቀርቀሪያ ቀጭ አለ። «እዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«የምተኩስበት ነዋ!»

«ሃምሳ አለቃ!» ብሎ ጮኸ ዘቡ፤ ድምፁ መሀል ላይ ተሰነጠቀ። «ሃምሳ አለቃ፣ ቶሎ ይድረሱ!»

ከዘብ ቤቱ ጢሙ የሸበተ ሃምሳ አለቃ ወጣ። ሳጥኑን በጫማው ጫፍ ከፈተ። ውስጡ፣ ሆዱ ከሰል የሚበላ፣ እጀታው በመያዝ ብዛት የተወለወለ የብረት ካውያ ተኝቷል። ሃምሳ አለቃው ካውያውን አየ፣ ተኳሿን አየ፣ ወደ ጎረምሳው ዞረ።

«በል ማርካት» አለው። «ሱሪህን ሳትተኩስብህ።»

ዘብ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሃምሳ አለቃው ግን በሳቅ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። ከጋሪው በላይ የተሰቀለውን ነገር እያየ ሳንጃውን ከወገቡ መዘዘ።

«ይሄኛውስ? ባለፈው እንዲህ ያለ ጥቅልል ውስጥ የጠመንጃ አፈሙዝ አግኝተናል። መወጋት አለበት።»

ሙሽሪት ከጋሪው ዘለለች። ተኳሿ ግን ቀደመቻትና ከሳንጃው ፊት ቆመች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«ወንድሜ፣ መፈተሽ ሥራህ ነው፤ አልከለክልህም። ከታች እስከ ላይ ፈትሽ። ሳንጃህን ግን መልስ። እጅህን ታጠብ፣ በእጅህ ፈትሽ።»

«ምን አልሽ?»

«እጅህን ታጠብ አልኩህ። ይህች ልጅ እናቷን አታውቃትም። ይህ የእናቷ ልብስ ነው። ዛሬ ታገባለች፤ ባሏ ዛሬ ይዘምታል። ከፈለግህ እኔን አስረኝ። ሳንጃ ግን አይገባበትም።»

ሃምሳ አለቃው ሙሽሪትን አየ። ኋላ ሳንጃውን ወደ አፎቱ መለሰና፣ «ውሃ አምጡ» አለ። ባልዲው መጣ። ታጠበ። ተኳሿ እጁን ገልብጣ አየችው።

«ጥፍርህስ?»

«ኧረ እናቴም እንዲህ አልመረመረችኝ!» አለ። ግን ጥፍሩን ታጠበ።

አቡጄዲውን በአንድ ጫፍ ፈቱለትና እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሐሩ ሲነካው ፊቱ ላይ የነበረው ኮስታራነት ረገበ። እጁን በቀስታ መልሶ አወጣው።

«እኔም ልጅ አለችኝ» አለ። አቡጄዲውን ራሱ ሊያስር ሞከረ፤ ተኳሿ ከእጁ ተቀብላ አሰረችው።

«ድልድዩ ሰው ያሳልፋል፤ ግን የእንጨቱ ወለል ተነቃንቋል፣ ከባድ ነገር አይዙም» አለ በትሕትና። «ሳጥኑ ይቅር።»

ተኳሿ ካውያዋን አየችው። ጉሮሮዋ የተደፈነው በሱ ነው፤ ልጅቱ ያደገችውም በሱ ነው። ሳጥኑን በሁለት እጇ አንሥታ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው።

«አባባ በረዶ፣ ሲመቸኝ እመጣና እወስደዋለሁ።»

«ካልመጣሽ እኔው እየተኮስሁ እኖራለሁ» አሉ። «ከሰል እንደሁ ሞልቶኛል።»

ዝናቡ የጀመረው ጥቅልሉን ከጋሪው አውርደው ድልድዩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ነው። የሃምሳ አለቃው ውሃ የማያስገባ የሰም ካፖርት ከኋላቸው ተወርውሮ መጣ፤ ጥቅልሉ ላይ አለበሱት። ከዚያ ተኳሿ ወደ ፊት አየችና ቀጥ አለች። ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበራት። ከፍታ ትፈራለች። ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃ መስቀል እንኳ አይሆንላትም። አሁን ከእግሯ ሥር በሳንቃዎቹ ክፍተት ደፍርሶ የሚጋልብ ወንዝ ይታያል። ጥቂት ተራመደች። መሀል ስትደርስ የድልድዩን የእጅ መደገፊያ ብረት ጨምድዳ ይዛ ቆመች።

«አልችልም። አንቺ ሂጂ። ልብሱን ይዘሽ ሂጂ።»

ሙሽሪት ጥቅልሉን ከእጇ ወሰደች። ማለዳ ከንፈሯ የነጣው፣ ጣቢያ ላይ ልብሱ ይመለስ ያለችው ልጅ፣ አሁን በዝናብና በከሰል ተለውሳ፣ ጥቅልሉን በትከሻዋ ተሸክማ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ፊቷን ወደ አክስቷ አደረገች።

«ያለ አንቺማ አልሄድም። ታች አትዪ። እኔንም አትዪ። ልብሱን እዪ።»

«አልቻልኩም እኮ፣ ልጄ…»

«ውይ! ካፖርቱ ተንሸራተተ! አክስቴ፣ ጫፉ እየረጠበ ነው!»

ተኳሿ ብረቱን ለቀቀች። እንዴት እንደ ተራመደች ኋላ ብትጠየቅም አታውቀውም። የምታስታውሰው ነጩን ጫፍ ብቻ ነው፤ እሱን እያየች፣ እጇን ወደሱ ዘርግታ፣ «ሸፍኚው፣ ሸፍኚው አንቺ ዝርክርክ!» እያለች ሄደች። እግሯ ድንጋይ ሲነካ ቀና አለች። ማዶ ነበሩ። ካፖርቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ጫፉም አልረጠበም።

«ዋሸሽኝ» አለች።

«አሳደግሽኝ» አለች ልጅቱ።

የጦር ሰፈሩ በር ላይ ሲደርሱ ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሜዳው በሰልፍ ተሞልቷል። መድፍ የሚጎትቱ በቅሎዎች፣ የተጠቀለለ ድንኳን፣ የወጥ ቤት ድስት የጫኑ ሠረገላዎች በተራ ቆመዋል። ያ ሁሉ ኮቴ የረገጠው መሬት ሊጥ ሆኗል። አዳራሹ በሜዳው ጥግ፣ ከድንጋይ ደረጃ በላይ ነው። የሻለቃው ባለቤት ከአዳራሹ ጎን ባለች ክፍል ይጠብቁ ነበር። ወንበር ላይ አንድ ውድ ቀሚስ ተዘርግቷል፤ ነጭ፣ ዳንቴሉ የበዛ።

ሁለቱ ሲገቡ እመቤቲቱ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ያዩት ሁለት ከሰል አክሳይ ሴቶችን ነው።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን አስገባችሁ?» ካሉ በኋላ ዓይናቸው ልጅቱ ላይ ቆመ። «አንቺ ነሽ? ምን ሆናችሁ? ደግነቱ እኔ አስቤበት…» ወደ ወንበሩ ጠቆሙ።

ተኳሿ ጥቅልሉን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖረች። ገመዱን በጥርሷ ፈታች፤ በእጇ አልነካችውም። ካፖርቱን፣ ከዚያ አቡጄዲውን በክርኗ ገፋች። ሸምበቆው ሲሽከረከር ሐሩ እየተፈታ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አንድም እጥፋት፣ አንድም ነጥብ አልነበረበትም። ክፍሉ የበራ መሰለ።

የሻለቃው ባለቤት ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የሴቲቱን ፊት፣ አንገት፣ የተሰነጣጠቁ ጥቁር እጆች አዩ። ወንበሩ ላይ የነበረውን ቀሚስ አንሥተው ሣጥን ውስጥ ከተቱና፣ «ሙቅ ውሃ!» ብለው ወደ ውጭ ጮኹ።

ልጅቱን አጠቧት። ተኳሿም እጇን ፈተገች፤ በሳሙና፣ በአሸዋ ፈተገች። ከሰሉ ግን በየስንጥቁ ገብቷል። ያሳደገቻትን ልጅ ራሷ ላታለብሳት ነው። ውጭ የሰልፉ ትእዛዝ ይሰማል፤ ጊዜም የለም። ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ ግድግዳውን ተጠጋችና፣

«እመቤቴ፣ እርስዎ ያልብሷት» አለች። «ጓንትዎን ያውልቁ፤ ሐር በጓንት አይያዝም። በራሷ አይደለም፣ በእግሯ ነው የሚገባው። አይጎትቱት፣ ይከተሉት። ቁልፉን ከታች ይጀምሩ።»

የሻለቃው ባለቤት ጓንታቸውን አወለቁ። ተንበርክከው ከታች ጀመሩ። ቁልፎቹ ጥቃቅን ነበሩ፤ ውጭ ትእዛዝ በተሰማ ቁጥር ቁልፉን ትተው ወደ መስኮቱ ያዩ ነበር። ተኳሿ አሁን ገና አስተዋለች። እኚህ ሴትዮም ዛሬ ልጅ ይሸኛሉ።

መጨረሻው ቁልፍ ላይ ሲደርሱ እመቤቲቱ ቀና ብለው፣ «ልክ ነው ወይ፣ እትዬ? ይዩልኝ እስቲ» አሉ።

ሥርዓቱ አጭር ነበር። የሰፈሩ ሹም ቃሉን አነበበ፤ ሁለቱ መለሱ፤ ቀለበቱ ገባ። መቶ አለቃው ሙሉ የዘመቻ ትጥቁን ለብሷል። ሙሽሪት ስትገባ ባለ ሹመቱም ሴቱም ወንዱም ቀና ብሎ አየ፤ አንዲት የመኮንን ሚስት «ይህ ሁሉ በዚህ መንገድ እንዴት መጣ?» ስትል ተሰማች። ሙሽራው ግን ከጆሮዋ ጀርባ የቀረውን የከሰል ጭረት አየና በትልቁ ፈገግ አለ። ተኳሿ በሩ አጠገብ ቆማ ዓይኗን ከልብሱ አላነሣችም።

ፊርማው ሳይደርቅ መለከት ተነፋ።

መቶ አለቃው የሚስቱን እጅ ሳመ፣ የእናቱን ጉልበት ሳመ፣ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከበሮው፣ መንኮራኩሩ፣ የብዙ ሺህ ጫማ ጭቃ ሲረግጥ የሚያሰማው ድምፅ ሰፈሩን ሞላው። ሙሽሪት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመች። የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ አንሥታ ይዛለች፤ ከፊቷ ቡናማ ጭቃ ነው። ባሏ ያለበት ረድፍ ወደ በሩ እየራቀ ነው። እሷ ግን ወደ ልብሱ፣ ከዚያ ወደ አክስቷ ታያለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ተኳሿ።

«ልብሱ…»

«ልብሱ ደርሷል! አድርሰነዋል! ልቀቂውና ሩጪ!»

ልጅቱ ለቀቀችው። ሐሩ መሬት ነካ፤ ጭቃው እንደ ተራበ ውሻ ዘለለበት። በመጀመሪያው እርምጃ ጫፉ፣ በሦስተኛው እስከ ጉልበቷ ቡናማ ሆነ። እሷ ግን አልዞረችም። በበቅሎዎቹ መካከል፣ በሠረገላዎቹ ጎን፣ ባሏን በስሙ እየተጣራች ሮጠች። ወታደሮቹ መንገድ እየለቀቁላት ቆባቸውን አወለቁ።

የሻለቃው ባለቤት ደረታቸውን ያዙ። «እትዬ! ያ ሁሉ ድካም!»

«እመቤቴ፣ ማጠብ የኔ ሥራ ነው» አለች ተኳሿ። ከዚያ በጥቁር እጇ ሜዳውን አመለከተች። «እርስዎስ? ልጅዎ አይደለም የሚሄደው?»

እመቤቲቱ አንድ ጊዜ የከፈይ ቀሚሳቸውን አዩ። ከዚያ ደረጃውን ወረዱና ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ መጀመሪያ እየተጠነቀቁ፣ ኋላ እየሮጡ። ወደ በሩ ግድም አንድ መቶ አለቃ ከረድፉ ወጥቶ ወደ ኋላ ሲሮጥ ታየ። አለቃው ይጮህበታል። ማንም አልሰማውም።

ተኳሿ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ ከትናንት ወዲህ ባዶ ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነበር።